የጋሼ ታክ ኩሽኔታ

ኳስ ሜዳ ባለበት አገር ሁሉ፣ ከደረጃው ላይ ሕክምና ያልተማረ አንድ ሐኪም አይጠፋም። ቦርሳ ይዞ ሜዳ የሚገባው ሐኪም በሽተኛውን ለማየት መንበርከክ፣ መዳሰስ፣ አንዳንዴም ራጅ ማንሳት ያስፈልገዋል። የደረጃው ሐኪም ግን መቶ ሜትር ርቆ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ፣ ከፊቱ የተቀመጠች ሴትዮ የካፖርት ኮፍያ ሜዳውን ግማሽ እየጋረደበት፣ የአጥቂውን ጉልበት እስከ ውስጡ ያያል። አይሳሳትም። ከተሳሳተም የተሳሳተው ጉልበቱ ነው።

የእኛ የያንጂ ከተማ ሐኪም ክቡር ሊቀ ጉልበት ታክ ጊልሆ ይባላሉ። ከፊታቸው የምትቀመጠዋ ባለ ኮፍያ ሴትዮ እኔ ነኝ።

የሰፈራችን የአረጋውያን ማኅበር ከስታዲየሙ ምሥራቃዊ ደረጃ ላይ ሁለት ረድፍ አለው። ጋሼ ታክ ከላይኛው ረድፍ አራተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከታችኛው ረድፍ አራተኛው ላይ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፃቸው የሚያርፈው ማጅራቴ ላይ ነው። የሱፍ ቅርፊታቸውም እንዲሁ። ቤት ገብቼ ኮፍያዬን ስገለብጠው የሚወርደውን ቅርፊት አይቼ ጨዋታው እንዴት እንደነበረ መናገር እችላለሁ። ስናሸንፍ ጥቂት ነው። ስንሸነፍ አንድ እፍኝ ይሆናል። እኩል ለእኩል ስንወጣ ፍሬው ውስጡ እንዳለ የተተፋ ይገኝበታል።

ጋሼ ታክ አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ስለዚህ ለእሳቸው ሰው ማለት በሁለት እግሩ የሚሄድ አውቶቡስ ነው። ልብ ሞተር ነው። ሆድ ሰልባትዮ ነው፤ የነዳጅ ቋት። ሳንባ ራዲያተር ነው። ጉልበት ደግሞ ኩሽኔታ ነው። ጡረታ የወጡ ዕለት ከመጨረሻው አውቶቡሳቸው ያወጡትን ያረጀ ኩሽኔታ ዛሬም በካፖርታቸው ኪስ ይዘው ይዞራሉ፤ ትናንሽ የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩበት፣ የእጅ አምባር የሚያህል ቀለበት ነው። የማያምናቸው ሰው ሲገጥማቸው አውጥተው ጆሮው ሥር ያሽከረክሩታል። ኪርርር፣ ኪርርር።

«ሰማህ? ይሄ የሙንሃክ ግራ ጉልበት ነው። ኩሽኔታው አልቋል!»

ቼ ሙንሃክ አጥቂያችን ነው። ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ባለፍንበት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ጎል አግብቶ ነበር። የመጨረሻዋን ያገባ ዕለት የማኅበራችን ሴቶች ሐር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ከስታዲየም እስከ ወንዙ ድልድይ ሲጨፍሩ ሄደዋል። የእኔ ሰማያዊው ቀሚስ ቀለሙን የለቀቀው ያን ቀን ነው፤ አላዘንኩበትም። ከዚያ ግራ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ተቀደደና ተሰፋ። ዳነ ሲባል እንደገና ተጎዳ፤ እንደገና ተሰፋ። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በሰባኛው ደቂቃ ተቀይሮ ይገባል፣ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ጉልበቱን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጎል ካገባ ዓመት አልፎት ነበር።

የማኅበራችን ቤት ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ሽማግሌዎቹ ካልሲያቸውን አውልቀው ተቀምጠው፣ ዓርብ ዓርብ የሙንሃክን ጉልበት ለሁለት ይከፍሉታል። በአንዱ ወገን ጋሼ ታክ አሉ። በሌላው እትዬ ቡንሱን፣ ሊቀመንበራችን፣ በስታዲየም ትልቁን ከበሮ የሚመቱት። እሳቸው የሚያምኑት በበሬ ቅልጥም ነው።

«ልጁ ምንም አልሆነ። ቅልጥም ሦስት ቀን ቀቅሎ የሚያጠጣው ሰው አጥቶ ነው!»

«ቅልጥም! ዘይት ስለቀየርሽለት ያለቀ ኩሽኔታ ይጠገናል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁን በቁሙ ቀበርከው እኮ!»

«እኔ አልቀበርኩትም፣ ጋራዥ ነው ያስገባሁት። አሰልጣኙ ነው አውጥቶ ዳገት የሚያስወጣው።»

«በረዶው ሲቀልጥ ምን ነበር ያልከው? ‹ጎመን ሳይተከል ክራንች ይይዛል› አላልክም? ይኸው ጎመኑ ደርሷል፣ ልጁ ይሮጣል!»

«ይሄን ነው ሩጫ የምትይው? ይሄ ፍሬኑ ተበጥሶ ቁልቁለት የወረደ አውቶቡስ ነው!»

አንድ ዓርብ ሊቀ ጉልበት ሙንሃክ እንዴት እንደሚወድቅ ሊያሳዩን ወለሉ ላይ ተጋደሙ። አሳዩን፤ ግን መነሣት አቃታቸው። ለአራት ሆነን ጎትተን ስናቆማቸው ቀይ ፊታቸውን ወደ እትዬ ቡንሱን አዙረው፣ «አየሽ? እኔም የምለው ይሄንኑ ነው!» አሉ።

ምርመራቸው በኳስ ተጫዋች ብቻ አያበቃም። የጎረቤታችን የስድሳ ዓመት በዓል ሲከበር፣ ልጆቹ በተራ እየመጡ ለአባታቸው ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዱ ነበር። ትልቁ ልጅ ሊነሣ ሲል ከገበታው ማዶ «ቀኙ ይንቋቋል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በዕድሜው ጉልበቱን አሞት የማያውቀው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ ዋለ። እሳቸው ራሳቸው ልባቸውን ሊታዩ ሆስፒታል የሄዱ ጊዜም ሐኪሙን፣ «መስሚያህን ወደ ታች አድርገው የኔ ልጅ፤ ሞተር በክዳኑ በኩል አይደመጥም» ብለውታል።

ነገሩ የከረረው በመከር መግቢያ ነው። ሦስት ለባዶ ተሸንፈን፣ ሙንሃክም በረኛ የሌለበት ጎል ስቶ በተመለስንበት ዓርብ፣ ጋሼ ታክ ተነሥተው ቆሙ።

«ይሄ ልጅ ዘንድሮ አንዲት ጎል ካገባ፣ ስለ ኳስ እስክሞት አልናገርም!»

«በጣትህ ትፈርማለህ?» አሉ እትዬ ቡንሱን።

«በአሥሩም!»

ወረቀት መጣ፣ ቀዩ የማኅተም ቀለምም መጣ፣ ብዕሩ ግን ለእኔ ተሰጠ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሆኖም ኑድል ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ካርቶን ላይ ስጽፍ ስለኖርኩ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ይሉኛል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቼ ሙንሃክ ዘንድሮ አንድ ጎል ካገባ፣ እኔ ታክ ጊልሆ ስለ ኳስ እስክሞት ድረስ አፌን አልከፍትም። ከከፈትኩ የማኅበሩን ከበሮ ዓመቱን በሙሉ እስከ ስታዲየም በጀርባዬ እሸከማለሁ። ካላገባ ግን ከበሮው ከእትዬ ቡንሱን ተወስዶ ለእኔ ይሰጠኝ።

«እስክሞት» ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆም አለ። ‹ትንሽ አይበዛም?› ልል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን እኔ ከሰው ፊት ስናገር ቃሉ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ ሌላ ሰው ወሬ ይጀምራል። ጻፍኩት። ጋሼ ታክ አውራ ጣታቸውን ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክረው ከስማቸው በታች አሳረፉ፤ ጣታቸውንም በካልሲያቸው ጠረጉት። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

በዚያው ሳምንት፣ ማለዳ፣ የወንዙ ዳር ገበያ ቶፉ፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ ለመግዛት ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ግራ እግሩን አሳርፎ በቀኙ ነው የቆመው። ሙንሃክ ነው። ከኋላዬ የማውቀው ‹ኪርርር› ተሰማኝ። ጋሼ ታክ ሊሰድቡት ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ሄደው፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ የግራው አልቋል» አሉት።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ታዲያ ለምን በሱ ትዞራለህ? ባለቀ ኩሽኔታ ላይ ጭነት አይጫንም። ኳስ ስትቀበል በቀኙ ተተከልና በቀኙ ዙር። ተከላካዩ እንደሆነ የሚጠብቀው ግራህን ነው። አሥር ዓመት ግራህን ሲጠብቅ ነው የኖረው።»

«በቀኙ ዞሬ አላውቅም አባባ።»

«አሁን ታውቃለህ። እየኝ!»

ቀድመው የገዙትን ቶፉ በላስቲክ እንዳንጠለጠሉ፣ በጎመን ክምርና በደረቅ ዓሣ መደብ መካከል፣ የሰባ አራት ዓመቱ ሊቀ ጉልበት በቀኝ እግራቸው ተተክለው ዞሩ። ሁለቴ። በሁለተኛው ላይ ቶፉው ከዓሣው መደብ ጋር ተጋጭቶ ፈረሰ። ሙንሃክ አልሳቀም። እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ «እሺ አባባ» ብሎ ሄደ።

ጋሼ ታክ የፈረሰ ቶፏቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እትዬ ኢንሱክ፣ ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። እንደምወደው ያስመስልብኛል።»

«እኔ ለማን እነግራለሁ ጋሼ?» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት የሜዳችን ጨዋታ ሲቀረው፣ ቀጫጭን በረዶ መጣል በጀመረበት ቅዳሜ፣ ባዶ ለባዶ ሳለን ሙንሃክ ገባ። ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቅጣት ክልሉ ጫፍ፣ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ተቀበለ። ተከላካዩ ከበስተግራው ተለጠፈበት። ሙንሃክ በቀኙ ተተከለ። ዞረ። ተከላካዩ አየር እንዳቀፈ ቀረ። ኳሱ መረቡ ውስጥ ገባ።

ስታዲየሙ ተነሣ። ከበሮው ያን ያህል ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ምክንያቱም ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልነበረም። ጋሼ ታክ ቆመዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ወረቀቱ!» አሉ እትዬ ቡንሱን፣ የከበሮውን ዱላ ወደ እሳቸው ቀስረው።

አፋቸው ተዘጋ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ኮፍያዬን ብገለብጠው አንድ ቅርፊት አልወጣውም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዓይኔ እያየ ሲነቅዝ አየሁት። ጋሼ ታክ ዓርብ መጥተው ከግድግዳው ጥግ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው እትዬ ቡንሱን ያወራሉ። ለካስ ጎሉ በገባበት ሳምንት፣ ከጨዋታው በፊት፣ ለቡድኑ አንድ ትልቅ ድስት የቅልጥም ሾርባ ልከው ነበር።

«ቅልጥሙ ነው! ሦስት ቀን ነው የቀቀልኩት። ጉልበቱ ውስጥ ሲገባ ታየኝ እኮ!»

ኪርርር ይላል የጋሼ ታክ ኪስ።

«ግራውን እንዳዲስ አድርጎለታል! አምስት ዓመት ገና ይጫወታል!»

ኪርርር፣ ኪርርር፣ ኪርርር።

ሰዎቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀረ። ተነሥቶ የሚከራከር ከሌለ የሚነገረው ሁሉ እንደ ቀዘቀዘ ኑድል እርስ በርሱ ይጣበቃል። እትዬ ቡንሱንም ስለ ቅልጥሙ ሦስት ጊዜ ካወሩ በኋላ ራሳቸው ሰለቻቸው። አንዴ ጋሼ ታክን ዘወር ብለው አይተው፣ «ቢያንስ አስነጥስ እንጂ!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ጋሼ ታክ የክረምቱን ልብሳቸውን እያሰሩ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ሩቅ አገር፣ ቺንግዳዎ ከተማ የምትሠራ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ና ከኔ ጋር ኑር ስትላቸው ነበር። ቡድኔን ጥዬ የት እሄዳለሁ እያሉ ስድስት ዓመት አልፈዋል። አሁን ግን፣ «ዝም ለማለት ከሆነ ቺንግዳዎም ይበቃኛል» አሉ አሉ። በመጪው ዓርብ የመቀመጫ ትራሳቸውን ለማኅበሩ መልሰው ባቡር ሊሳፈሩ ነው።

ያን ሳምንት በበርበሬ የሚብላላውን የኪምቺ ጎመን የምንዘፈዝፍበት ነበር። አርባ ራስ ጎመን ጨው እየነሰነስኩ አሰብኩ። የገበያውን ነገር ብናገር ጋሼ ታክ ክብራቸውን ያገኛሉ። ግን ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ደግሞም ክብር አይደለም የጎደላቸው፤ ተከራካሪ ነው። ሠላሳ አንደኛው ጎመን ላይ አንድ ነገር ታየኝ። እውነቱን እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። ውሸት እንዳልናገር ግን ለማንም ቃል አልገባሁም።

የቀሩትን ዘጠኝ ጎመኖች ንግግሬን ስለማመድባቸው ዋልኩ። ለጎመን መናገር ቀላል ነው።

ዓርብ ጋሼ ታክ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ቀዩ ትራስ ጥግ ጥጉ አልቆ ጥጥ አውጥቷል። ለእትዬ ቡንሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። እትዬ ቡንሱን አልተቀበሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተነሣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋሼ ታክ ይህን ሳያዩ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

«እኔ እንደሚመስለኝ…» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የማኅበራችን ዕቃ ገዥ፣ በወግ ድምፄን የማያውቀው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሙንሃክ ያቺን ጎል ያገባው በግራው ተተክሎ ዞሮ ነው። ግራው ድኗል። ቅልጥሙ አድኖታል።»

«ይኸው!» አሉ እትዬ ቡንሱን ሳያስቡት። «ዝምተኛዋ እንኳ አይታለች!»

ኪስ ውስጥ ያለው ኪርርር ቆመ። የጋሼ ታክ ጆሮ ቀላ፣ ከዚያ አንገታቸው ቀላ፣ ከዚያ ትራሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«በቀኙ!»

እትዬ ቡንሱን ወደ እሳቸው ዞሩ።

«በቀኙ ነው! በቀኙ ተተክሎ፣ ግራውን እንደ ስኮርታ ጎማ አንጠልጥሎ ነው የዞረው! አንቺ ሴትዮ ከፊቴ ተቀምጠሽ ምን ስታዪ ነበር? አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ኮፍያ እኔን ጋረድሽኝ፣ ለካ ራስሽንም ጋርደሻል! ድኗል ትላለች! ያለቀ ኩሽኔታ አይድንም! ጎል ያገባው ጉልበቱ ስለዳነ መሰለሽ? እንደማይድን ስላወቀ ነው! ድሮ በእግሩ ያገባ ነበር፣ አሁን በጭንቅላቱ አገባ፤ ይሄ ከአሥራ ዘጠኙ ይበልጣል! ቅልጥም! ቅልጥም ቀኝና ግራ ያውቃል? ኩሽኔታው አልቋል!»

ሲጨርሱ ያለከልኩ ነበር። ክፍሉን አዩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቀይ አውራ ጣታቸውን አዩት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እትዬ ቡንሱን ተነሥተው ወደ ወረቀቱ ሄዱ። የሚቀዱት መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለተኛዋን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ዓመቱን በሙሉ ይላል» አሉ። «ከበሮው አሥራ ሦስት ኪሎ ነው። ከቺንግዳዎ እየተመላለስክ አትሸከመውም።» ከዚያ ትራሱን ከወለሉ አንሥተው አራገፉትና ጋሼ ታክ ደረት ላይ ወረወሩት። «ጥጡን አሰፋው። አሳፋሪ ሰውዬ!»

ጋሼ ታክ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አርባ ዓመት ሞተር አዳምጠዋል፤ የሐሰት ድምፅ አያመልጣቸውም።

«እትዬ ኢንሱክ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አንቺ እኮ ገበያው ላይ…»

«እኔ ኳስ አላውቅም ጋሼ» አልኳቸውና ጎመኔ ጨው ይበዛበታል ብዬ ወጣሁ።

አሁን ጸደይ ነው። ሙንሃክ ለአንድ ዓመት ፈርሟል። ጋሼ ታክ ከበሮውን በጀርባቸው አዝለው፣ ማሰሪያው ላላ፣ ቆዳው ደርቋል፣ ይሄን ከበሮ የሠራው ሰው ሻንሲ አያውቅም እያሉ ደረጃውን ይወጣሉ። እትዬ ቡንሱን ዱላቸውን ብቻ ይዘው፣ እንደ ንግሥት፣ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሙንሃክ በሰባ አምስተኛው ደቂቃ ገባ፣ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ጉልበቱን ይዞ ሰማይ ሰማይ አየ።

«ኩሽኔታው አልቋል!» አለ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ፣ እና አንድ ቀላል ነገር ማጅራቴ ላይ አረፈ።

እጄን ወደ ኋላ ልኬ የካፖርቴን ኮፍያ ሰፋ አድርጌ ከፈትኩት።